የሙሽራ አስተንፋሽ

ስመኝ ጠዋት ለአንዲት ድመትና ለአንድ ፍየል ተንፍሳ ከጨረሰች በኋላ ሳምቡሳ ልትበላ ወጣች። ፍየሉ አድክሟት ነበር። ፍየል በማደንዘዣ ተኝቶም ቢሆን ግትርነቱ አይለቀውም፤ አንዱን ትንፋሽ ከተቀበለ ሁለተኛውን ለመቀበል ያንገራግራል።

ሥራዋ አስተንፋሽነት ነው። አስተንፋሽ ማለት ማደንዘዣ ወስዶ የተኛ እንስሳ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ደረቱ ላይ ቀበቶ ታጥቆ ለሁለቱም የሚተነፍስ ሰው ነው። ቀበቶው ትንፋሹን «መንታ» ለሚሉት ማሽን ይነግረዋል። መንታው ደግሞ ያንኑ ትንፋሽ በእንስሳው ሳንባ ልክ መጥኖ፣ ኦክስጅን ጨምሮበት በቱቦ ይልከዋል። ድሮ ማሽኖቹ እንደ ሰዓት እኩል እኩል ይነፉ ነበር አሉ። ሳንባ ግን እኩል ነገር ይሰለቸዋል፤ የሚፈልገው አንዴ ጠለቅ፣ አንዴ ሳሳ የሚል፣ አልፎ አልፎም የሚያቃስት የሕያው ትንፋሽ ነው። ይህ ከታወቀ ወዲህ ቁጭ ብሎ መተንፈስ እንደ ሌላው ሁሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ ሆነ። ቡሬ ያሉት የስመኝ እናት ግን ልጃቸው ምን እንደምትሠራ ሲጠየቁ «ትተነፍሳለች» ማለት ስለሚያሳፍራቸው «ሐኪም ናት» ይላሉ።

ሙያው ብዙ ሕግ የለበትም። አንዱ ግን ጥብቅ ነው፤ ቀበቶ ከመታጠቅ በፊት ለሁለት ሰዓት ምግብ አይበላም። ስመኝ ሕጉን አልዘነጋችውም። ቀትር ነበርና ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ድሬዳዋ በጥላ ሸራዎቿ ሥር ጋደም ትላለች፤ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፣ ሌላኛው አስተንፋሽም ቤቱ ገብቶ ተኝቷል። እስከ አሥር ሰዓት የሚመጣ በሽተኛ አይኖርም ብላ ሁለት ሳምቡሳ ከነቃሪያው ቶሎ ቶሎ በላች። የመጨረሻውን ጉርሻ ሳትውጥ ከእንስሳት ሆስፒታሉ ተጠራች።

በር ላይ አንድ ሽማግሌ በተቀደደ የጥላ ሸራ የጠቀለሉትን ነጭ ውሻ ታቅፈው ቆመዋል። ጋሽ ደጀኔ ይባላሉ፤ ከመንገዱ በላይ የተወጠሩትን ሸራዎች የሚጠግኑ ሰው ናቸው። ውሻዋ ከነጭነቷ የተነሳ ሙሽራ ተብላለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀትር ቀትር ላይ መንገዱ መሐል ትተኛለች፤ የሰፈሩ ባጃጅ ሁሉ ያውቃታልና ዞሯት ያልፋል። በዚያ ሳምንት ግን ሹፌር የሌላቸው ባጃጆች ሥራ ጀመሩ። እነሱ ሰውን፣ አህያንና ግመልን እንዲያዩ ተምረዋል። ድሬ ውስጥ ውሻ መንገድ መሐል እንደሚተኛ የነገራቸው ሰው አልነበረምና አንዱ ራሷን ገጫት።

ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ነጂብ ውሻዋን መርምሮ ለሽማግሌው ነገሩን ሳያለባብስ ነገራቸው። የራስ ቅል እንደ ሆድ አይለጠጥም፤ ውስጡ ደም ሲፈስ ቦታ የሚያጣው አንጎል ነው። የረጋው ደም አሁኑኑ ካልወጣ ሙሽራ እስከ ማታ አትደርስም። እየወጣ ሳለም አንጎሏ ኦክስጅን ካነሰው ብትነቃም የማታውቃቸው ውሻ ሆና ልትነቃ ትችላለች።

«ቁጭ ይበሉ፣ ጋሼ» አለቻቸው ስመኝ፣ ወንበር እየሳበች።

«አቦ፣ አንቱ አትበይኝ። ድሬ ላይ አንቱ የሚባለው የሞተ ሰው ነው።»

ቡሬ ያደገች ልጅ አባቷን የሚያህል ሰው አንተ ማለት አይሆንላትም። የሙሽራን የአንገት ማሰሪያ እንዲፈቱላት ብቻ ጠየቀቻቸው፤ አንገት ላይ ትንሽ ነገር ከተጫነ ከራስ የሚወርደው ደም ይታገዳል። ፈቱት።

ሙሽራ ማደንዘዣ ወስዳ ተኛች። ስመኝ የውሻዋን ራስ ከፍ አድርጋ አስተካከለች፣ ቱቦውን አስገባችና ቀበቶውን ታጠቀች። እዚህ ላይ መተንፈስ ቀላል ሥራ አይደለም። ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰች የተቃጠለው አየር ከደሙ ተጠርጎ ይወጣል፤ ያኔ የአንጎል ደም ሥሮች ይጠብቡና ግፊቱ ይወርዳል። ከበዛ ግን ሥሮቹ ይብሱን ጠበው ኦክስጅን የያዘውን ደም አያሳልፉም። ዝግ ካለች ደግሞ ሥሮቹ ይሰፉና ግፊቱ ይወጣል። መሐሉን ይዞ መሄድ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን የአንጎሏ ግፊት ሃያ ሁለት ነው ይላል፤ ከሃያ ካለፈ ያሰጋል። በተላጨው የሙሽራ ራስ ቆዳ ላይ ደግሞ ሳንቲም የምታክል መብራት ተለጥፋለች፤ ኦክስጅን አንጎል ሲደርስ ትቀላለች፣ ሳይደርስ ሲቀር ሰማያዊ ትሆናለች። መብራቷ ቀይ ነበረች። ነጂብ ቅሉን ከፈተ።

ያኔ ነው ስመኝን ስቅ ያላት።

መንታው ስቅታ አያውቅም፤ የተነገረውን ያደርጋል። የሙሽራ ደረት ተወራጨ፣ ግፊቱ ሃያ አምስት ገባ። ስመኝ ምራቋን ዋጠች፣ ጥርሷን ነከሰች። ደግሞ ስቅ አላት። ሃያ ስምንት።

«ምንድን ነው?» አለ ነጂብ ቀና ሳይል።

«ስቅታ ነው። ሳምቡሳ በልቼ ነበር» አለች። ልትዋሽ አልፈለገችም፤ ለመዋሸትም ጊዜ አልነበረም።

ቀበቶውን አውልቃ ቱቦው ላይ የጎማ ፊኛ ገጠመችና በእጇ መጭመቅ ጀመረች። ከማሽኖቹ በፊት ሁሉም እንዲያ ነበር የሚሠራው፣ እሷም ተምራዋለች። ነገር ግን የሙሽራ ልብ እየዘገየ፣ የደም ግፊቷ እያሻቀበ ሄደ። አንጎል ደም ሲነፈገው ገላን እንዲህ ያስጨንቃል፤ ኃይልህን ሁሉ ወደ እኔ ላክ ይለዋል። እብጠቱን የሚመጠውን መድኃኒት በደም ሥሯ ቶሎ መስጠት ያስፈልጋል። ያ ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ የስመኝ ሁለት እጆች ፊኛው ላይ ናቸው። የነጂብ እጆች ደግሞ የት እንዳሉ የታወቀ ነው።

«ማን አለ?» አለ ነጂብ።

ከቀዶ ክፍሉ መስታወት ወዲያ የቆሙት ጋሽ ደጀኔ ብቻ ነበሩ። ስመኝ በዓይኗ ጠራቻቸው።

ፊኛውን በየመሐሉ እየጨመቀች ልብስ አልብሳ፣ ቀበቶውን አስታጥቃ ከውሻዋ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ምን እንደሚፈለግ በሁለት ቃል ነገረቻቸው፤ የሚተነፍሱት ለሙሽራ ነው። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ትንፋሻቸው እንደ ሯጭ ቶሎ ቶሎ ይል ጀመር፣ መንታው ደግሞ ያንኑ ለሙሽራ ላከ።

የአንጎሏ ግፊት ወረደ። ሃያ፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሦስት። ነጂብ ከጭምብሉ ሥር «ተመስገን» አለ፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ሥራው ከተጀመረ ወዲህ አላየም። ስመኝ መድኃኒቱን እየሰጠች ወደ ትንሿ መብራት ዞረች። ሰማያዊ ሆናለች። ቁጥሩ አምሯል፣ አንጎሉ ግን ኦክስጅን አልደረሰውም። ሽማግሌው ከመውደዳቸው የተነሳ ውሻቸውን እያፈኗት ነበር፤ እንዲህ ብሎ ሊነግራቸው የሚችል ሰው ደግሞ የለም።

«ቀስ ብለው ይተንፍሱ፣ ጋሼ። ቀስ…» አለችና ስቅ አላት።

ቀስ በል የተባለ ሰው ይብስበታል። እሳቸውም ባሰባቸው። ስመኝ ደግማ ልትናገር አፏን ስትከፍት አሁንም ስቅ አላት፤ ጋሽ ደጀኔ በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ በአፍንጫቸው ሳቅ አሉ። ሙሽራም በተኛችበት ደረቷ ሦስት ጊዜ ርግብ ርግብ አለ። ውሻ ስትስቅ ስመኝ ያን ቀን ብቻ ነው ያየችው። ግፊቱ ሁለት ወጥቶ ተመለሰ።

ስመኝ በርከክ ብላ ፊታቸው ላይ ደረሰች። አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ፤ እሷ ራሷ መቼ እንደቀረ አላወቀችም።

«ደጀኔ፣ እየኝ። ማታ ማታ የት ነው የምትተኙት፣ አንተና እሷ?»

«ዛሬ መንገድ መሐል ትቻት ስሄድ…»

«ዛሬን አይደለም። ማታ ከሥራ ስትመለስ፣ ቤት ውስጥ።»

ደጀኔ ወደ ሙሽራ ዞረ። «በረንዳው ላይ ነው፣ ምንጣፍ ላይ። እሷ በዚህ፣ እኔ በዚህ። እጄን ጎድኗ ላይ ካላደረግሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«እንግዲያው አድርገው።»

እጁን በጨርቁ ሥር አሾልካ ጎድኗ ላይ አሳረፈችለት። ጎድኑ ከፍ ዝቅ የሚለው በገዛ ትንፋሹ ነው፤ እሱ ግን ይህን ረስቶታል። መዳፉ የሚያውቀውን ነገር ሲያገኝ ትከሻው ወረደ፣ ዓይኑ ተከደነ። አንድ ረጅም ትንፋሽ ወሰደ። ቀጥሎ ሌላ፣ ትንሽ አጠር ያለ። ስለ በረንዳው፣ ስለ ጎረቤቱ ቧንቧ ጠብታ፣ ሙሽራ በሕልሟ ስለምታባርረው ነገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጥቂት አወራ። ግፊቱ አሥራ ስድስት ላይ ረጋ። መብራቷ ከሰማያዊ ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ቀይ ተመለሰች። ስመኝ አፏን በክንዷ ሸፍና አለቀሰች፤ ስቅታዋም በዚያው ጠፋ።

ነጂብ የረጋውን ደም አወጣ። ልቧ ወደ ልኩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የሚደማውን ማቆም፣ መዝጋት፣ መስፋት ነበር፤ አርባ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ደጀኔ ካስቀመጡት ቦታ ንቅንቅ አላለም። ስመኝ አንዴ ማደንዘዣውን፣ አንዴ መብራቷን፣ አንዴ እሱን እያየች ቆየች። እንዲህ ያለ ልከኛ ትንፋሽ ከሠለጠነ አስተንፋሽም አይቼ አላውቅም ብላ ለነጂብ በጆሮው ነገረችው።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ሙሽራ አንድ ዓይኗን ከፈተች። ቱቦውን ያወጡላት በደቂቃው ነው። ደጀኔ «ሙሽሬ» አላት። ጅራቷ አልጋውን አንዴ መታ፤ ዳግም ለመምታት አቅም አልነበራትም። እሱ ግን አወቀችኝ ብሎ ዞሮ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።

ስመኝ መዝገቡን ልትዘጋ ተቀመጠች። ቅጹን የሚሞላው ራሱ መንታው ነው፤ የእሷ ድርሻ አይቶ መፈረም ብቻ። ያገኘችው የመጀመሪያ ስህተት የራሷን ጥፋት የሚመለከት ነበር። አስተንፋሽ የተቀየረበት ምክንያት በሚለው ቦታ መንታው «ያልታወቀ» ብሏል። ሰርዛ «ሁለት ሳምቡሳ ከነቃሪያው፣ ሥራ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ ጥፋቱ የስመኝ ነው» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ትንፋሹን ወደሚያሳዩት ሁለት መስመሮች ወረደች። አረንጓዴው የሰውዬው ደረት፣ ነጩ የውሻዋ ነው። መጀመሪያ ላይ እንደ ወጉ አረንጓዴው ቀድሞ ይነሳል፣ ነጩ ይከተላል። የረጋው ደም ከወጣ በኋላ ሁለቱ ተደራረቡ። ጥቂት ቆይቶ ነጩ ቀደመ። ይህ ብቻውን አላስገረማትም፤ የተኛው እንስሳ በራሱ መተንፈስ ሲጀምር መንታው መንገድ ይለቅለታል፣ የተሠራውም እንዲያ ነው። ያስገረማት አረንጓዴው ነው። እያንዳንዷን ከፍታ፣ እያንዳንዷን ሳሳ ያለች ትንፋሽ፣ አልፎ አልፎ የመጣችውን መቃተት እንኳ ሳይቀር ከነጩ ኋላ ኋላ ይከተላል። ሠላሳ አንድ ደቂቃ ሙሉ ደጀኔ የራሱ የሆነ አንድም ትንፋሽ አልተነፈሰም። በእጁ ሥር የሚነሳውንና የሚወርደውን ጎድን ይዞ ብቻ ነው የሄደው።

መንታው ማን መራ፣ ማን ተከተለ የሚለውን የሚለየው በደቂቃ ብዛት ነው። በዚያው መሠረት ከቅጹ ግርጌ እንዲህ ሞልቷል፦

አስተንፋሽ፦ ሙሽራ።
ትንፋሽ ተቀባይ፦ ደጀኔ።
የተቀባዩ ሁኔታ፦ ደህና ነው።

ነጂብ ከኋላዋ ቆሞ አነበበና ሳቀ። «ተምታቶበታል። አስተካክዪና ፈርሚ፣ እኔ ቤቴ ልግባ።»

ስመኝ ጣቷን የማረሚያው ቁልፍ ላይ አድርጋ ቀና አለች። ከመስታወቱ ወዲያ ደጀኔ ከሙሽራ አልጋ ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ጎድኗ ላይ እንዳሳረፈ እንቅልፍ ወስዶታል። ቀበቶ የለ፣ ቱቦ የለ። ደረታቸውን እያየች ማን እንደሚቀድም ልትለይ ሞከረች፤ አቃታት።

«የቱ ጋ ነው ስህተቱ?» አለችው ነጂብን።

ነጂብም ወደ መስታወቱ አየ። ስመኝ ጣቷን ከማረሚያው አንስታ ፈረመች።