በከንፈር የምትነፋው ናስ

ጋሽ ሳህሌን የገደላቸው ካርቡራተር ነው። ከውስጡ የፈቷት፣ ከአተር የማትበልጥ ናስ ላይ መርዝ ተቀብቶ ነበር። ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ ለማጽዳት እንደ ልማዳቸው ከንፈራቸው ላይ አድርገው ነፏት። ብዙም ሳይቆዩ አፋቸው አረፋ ደፍቆ ከወንበራቸው ወደቁ።

አቃቂ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለው ጋራዣቸው ከዚያ ወዲህ ተዘግቷል። ኢንስፔክተር ፌኔት የቆርቆሮውን በር ስትከፍት የቤንዚን ሽታ ተቀበላት። ውጭ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ግን አልመጣም። የፋብሪካ ሰርቪስ ባለፈ ቁጥር ጣሪያው ይንቀጠቀጣል።

«ጉዳዩ እኮ ያለቀ ነው» አላት ሳጅን ሁንዴ ከኋላዋ። «ሞተር ሳይክሉን ያመጣው ገዳ ነው። መርዙ የተገኘው ካርቡራተሩ ላይ ነው። ከሟች ጋርም ሰው ፊት ተጨቃጭቋል። ነገ ፍርድ ቤት እናቀርበዋለን፤ ከዚያ ቂሊንጦ እስር ቤት ይወርዳል።»

«የቸኮልከው አንተ ነህ ወይስ ቂሊንጦ?»



ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቷል። ጋሽ ሳህሌ የፈቱትን ሁሉ በፈቱበት ተራ ጨርቅ ላይ ይደረድሩ ነበር፤ ሲገጥሙ ከመጨረሻው ተነስተው ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ካርቡራተሩም እንደዚያው ተደርድሯል። ከክዳኑ ቀጥሎ ግን ባዶ ቦታ አለ። ፌኔት አጎነበሰች። ባዶው ቦታ ላይ የተጠማዘዘ ሽቦ ተኝቶበት የነበረ የሚመስል ቢጫ እድፍ አየች።

«ዕቃውን ያጠቡበት የቤንዚን ሳፋ ተመርምሯል?»

«ተመርምሯል። ቤንዚን ብቻ ነው።»

«ገዳን አምጡልኝ። የሟችን ሚስትና አብሯቸው የሚሠራውን መካኒክም።»

ገዳ እጁን በካቴና ታስሮ ገባ። ሃያዎቹን ያልዘለለ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ልጅ ነው።

«ለምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«ሞተሩን ለመቀበል ዛሬ ነገ እያሉ ሲያጓትቱብኝ ተናደድኩ። ሞተሩ የወንድሜ የቃልቤሳ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ቁልቁለቱ ላይ ከባድ መኪና ስር የገባው በሱ ነው። እጀታውን ቢለቀውም ነዳጁ አልመለስ ብሎት ነው አሉ። ለምን እንደሆነ እንዲነግሩኝ ነው ያመጣሁላቸው።»

«ሲፈቱት ነበርክ?»

«ኧረ የለሁም። ከመሞታቸው ዋዜማ ትቼላቸው ሄድኩ፤ በነጋታው ፋብሪካ ሥራ ላይ ነበርኩ።»

የሟች ሚስት ወርቅነሽ ጥቁር ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ተከናንበው ተቀመጡ።

«እትዬ፣ የዚያን ቀን ምሳ አምጥተው ነበር?»

«አዎ ልጄ። ሳህሌ እጁን ታጥቦ ደጅ ወጣና አብረን በላን። ዕቃው ታጥቦ ጨርቁ ላይ እየደረቀ ነበር። ቡልቻ ብቻ ውስጥ ቀረ። ና ብላ ብንለው ‹ጠገብኩ› አለ። ቡልቻ ምሳ እምቢ ሲል ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።»

«ባለቤትዎ በአፋቸው እንደሚነፉ ማን ያውቃል?»

«የማያውቅ ማን አለ? ‹ነፋስ ማለፉን የሚያውቀው ከንፈር ነው› ይል ነበር። አንተ ሰውዬ፣ ቤንዚን ምሳ አይሆንህም እያልኩ ስንት ዓመት ጮህኩ።»

ቡልቻ ከጋሽ ሳህሌ ጋር የሠራ፣ በዚያው ጋራዥ የጎለመሰ መካኒክ ነው። ሳይጠየቅ ጀመረ።

«እኔ ፍሬን እየሠራሁ ነበር። ጠረጴዛውን አልቀረብኩም። ጋሼ ዕቃቸው ሲነካ አይወዱም።»

«የቃልቤሳን ካርቡራተር መጨረሻ የሠራው ማን ነው?»

«ጋሼ ናቸዋ። ካርቡራተር የሳቸው ሥራ ነው።»

«ይሄ ጥግ ላይ ያለው ጣሳስ?»

«የኔ ነው። አሮጌ ሞላ ነው ያለበት። ዕቃ ጠፋ፣ ምን ይደረግ? ያለውን ቆርጠን እናጋጥማለን።»

ፌኔት ጣሳውን ወለሉ ላይ ገለበጠችው። ሞላዎቹ እየተንከባለሉ ቡልቻ እግር ሥር ደረሱ። አንዷን በጓንት አነሳችና ቀና አለች።

«ማንም እንዳይወጣ። ሁንዴ፣ መርዙ ምን ነበር?»

«የሰብል ተባይ መድኃኒት።»

«ገዳ ካርቡራተሩን መርዞ ቢያመጣው ኖሮ ጋሽ ሳህሌ መጀመሪያ ቤንዚን ውስጥ ያጥቡት ነበር። ሳፋው ውስጥ መርዝ ይገኝ ነበር። አልተገኘም። ስለዚህ ናሷ የተመረዘችው ከታጠበች በኋላ፣ ጨርቁ ላይ እየደረቀች ሳለ ነው። ያኔ ገዳ ፋብሪካ ነው። እትዬ ወርቅነሽና ባለቤታቸው ደጅ ናቸው።»

«ማንም ከውጭ ሊገባ ይችላል!» አለ ቡልቻ።

«ይችላል። ግን ገዳዩ ከጨርቁ ላይ አንድ ነገር ወስዷል። እጀታው ሲለቀቅ ነዳጁን የምትዘጋውን ሞላ። እድፏ ጨርቁ ላይ አለ። ከውጭ የመጣ ሰው አሮጌ ሞላ ምን ያደርግለታል?» እጇ ላይ ያለችውን ወደ እድፉ አስጠጋች፤ ልክ ገጠመች። «ጣሳህ ውስጥ ያሉት ሁሉ በግሪስ ጠቁረዋል። ይቺ ብቻ በቤንዚን ታጥባለች። ጫፏ ደግሞ በፒንሳ ተቆርጧል። እትዬ፣ ቃልቤሳ ከመሞቱ በፊት ባለቤትዎ ካርቡራተር ይሠሩ ነበር?»

ወርቅነሽ ቡልቻን አዩት። «ያኔማ ታሞ ጠበል ነበር። ጋራዡን የያዘው እሱ ነው።»

ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ቡልቻ ተቀመጠ።

«ትክክለኛው ሞላ ጠፋ» አለ ቀስ ብሎ። «ከውሃ ፓምፕ ሞላ ቆርጬ ገጠምኩለት። ስንቱ እንዲህ እየነዳ ነው! የቃልቤሳ ብቻ ተነክሶ ቀረ። ጋሼ ጠዋት ሲፈቱት አወቁ። ‹ለቤተሰቡ አንተው ንገር፤ አለዚያ እኔ እነግራለሁ› አሉኝ። ተናድጄ ነው እንጂ አስቤ...»

«የሰብል መድኃኒት ጋራዥ ውስጥ አይገኝም፤ ጠዋት ሲያውቁ ኪስህ ውስጥ ነበር» አለችው ፌኔት። «ሞተሩ ዋዜማውን ሲገባ ነው የወሰንከው።»

 ሁንዴ የገዳን ካቴና ፈትቶ ወደ ቡልቻ አዞረው።

ገዳ ግን ወዲያው አልሄደም። ቡልቻ ፊት ቆመ።

«የወንድሜን ሬሳ ተሸክመሃል። ድንኳኑን የተከልከው አንተ ነህ። እናቴ እስከ ዛሬ ‹ቡልቻን እግዜር ይስጠው› ትላለች።»

ቡልቻ አንገቱን ደፋ።

«ዛሬ ቤት ስገባ ምን ልበላት?»

 ገዳ ወጣ፤ የቆርቆሮውንም በር በላያቸው ዘጋው።