የተፈራ የልብ መቁጠሪያ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፣ እኔ በዛር፣ በቡዳ፣ በሙት መንፈስ የማምን ሰው አልነበርኩም፣ እንኳን ላምን የሚያምን ሰው ሲያጋጥመኝ ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኝ ነበር። ሮቤ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ፣ ዘመኑ ደርግ ነው፣ ቀበሌው በውይይት ክበብ ላይ «ከቁስ አካል ውጪ ምንም የለም» ብሎ የሚያስረዳለት የተማረ ሰው ሲፈልግ የሚጠራው እኔን ነበር፣ እኔም ደስ እያለኝ እሄድ ነበር። ልብን ደግሞ አውቃታለሁ፣ የበግ ልብ ከሥጋ ቤት አስመጥቼ፣ ተማሪ ፊት በምላጭ ከፍቼ፣ «ይኸው፣ ጡንቻና ቧንቧ ነው፣ ሌላ የተደበቀ ነገር የለበትም» የምል ሰው ነኝ። እና ይህን የማወራላችሁ ላስደንቃችሁ ብዬ እንዳይመስላችሁ።

ነገሩ የመጣው በራሴ ልብ ነው። አንድ ቀን ከአስተማሪዎች ጋር መረብ ኳስ ስጫወት ዞሮብኝ ወደቅሁ፣ ሐኪሙ ካየኝ በኋላ «ልብህ ትንሽ ሰንፋለች፣ ሩጥባት፣ ግን አታስጨንቃት፣ ምቷ ሲበዛ ቁም» አለኝ። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፣ እየሮጡ አንገት ላይ ሁለት ጣት አድርጎ፣ በሌላው እጅ ሰዓት እያዩ መቁጠር ግን እስቲ ሞክሩትና ንገሩኝ። ጓደኛዬ ሁሴን የስፖርት አስተማሪ ነው፣ የጎባ ልጅ፣ እንዲህ ስሆን ባየኝ ቁጥር «አንተ ሰውዬ፣ የምትሮጠው ነው የምትጸልየው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አንድ ቀን ግን ሳይስቅ መጣ። «ጌታሁን፣ እኛ ሰፈር ፀሐይ የምትባል ልጅ አለች፣ ባሏ አምሳ አለቃ ተፈራ የጦሩ ሯጭ ነበር፣ ለውድድር ውጭ አገር ሄዶ የልብ ምት የሚቆጥር መሣሪያ ይዞ መጥቶ ነበር፣ ልትሸጠው ነው» አለኝ።

«ባሏስ?» አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰሜን ግንባር ከዘመተ ቆየ። ሞተም፣ አለም የሚል የለም።»

በዚያን ጊዜ ይህ የየሰፈሩ ታሪክ ነበር፣ ሰውም ከዚህ በላይ አይጠይቅም ነበር፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎባ ሄድኩ፣ ክረምት ነው፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ፀሐይ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላለች፣ ከአልጋ ሥር በወታደር ፎጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ፣ እንደሚፋጅ ድስት ጫፍ ጫፉን ይዛ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ደረት ላይ የሚታሰር የላስቲክ ቀበቶ ነው፣ ከመሀሉ ጥቁር ጠፍጣፋ ነገር አለበት፣ ከእሱ ጋር የእጅ ሰዓት የመሰለ አለ። ቀበቶው የልብን ምት ይሰማል፣ ሰዓቱ ቁጥሩን ያሳያል፣ ሽቦ የሚባል ነገር በመሀላቸው የለም፣ በእያንዳንዱ ምት ሰዓቱ ጢጥ ይላል። እመኑኝ፣ አይቼው አላውቅም፣ ልቤ ወዲያው ወደደው።

«ቲቸር፣ ሳይሞክሩት አይግዙ» አለችኝ። «ዳገት ይዘውት ይውጡ። አስረውም ይዩት፣ አውልቀውም ይዩት።»

አውልቀውም ይዩት ያለችው ገረመኝ፣ ግን የሻጭ ወግ መሰለኝና አለፍኩት።

ከሁሴን ጋር በሳኔቲ መንገድ ሽቅብ መሮጥ ጀመርን፣ እሱ ወደ ፊት፣ እኔ ቀስ እያልኩ ከኋላ። መሣሪያው ግሩም ነው፣ ዳገቱ ሲከብድ ጢጥ ጢጡ ይፈጥናል፣ ስቆም ይረጋል፣ ልክ ሐኪሙ አጠገቤ እየሮጠ የሚመክረኝ ያህል ነበር፣ በቃ ገዝቼዋለሁ አልኩ በሆዴ። የኮሶውን ዛፎች አልፈን የአስታው ቁጥቋጦ መሀል ስንገባ ጉሙ ከላይ ወረደብን፣ የባሌን ጉም የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ የዘረጉት እጅ አይታይም። ያን ጊዜ ከኋላዬ የሰው ኮቴ ጠጠሩ ላይ ሰማሁ፣ የሚሮጥ ሰው፣ እግሩ ቀላል፣ ሁሴን እኔን ሊያስደነግጥ በጎን ዞሮ የመጣ መሰለኝና «ተው እንጂ!» አልኩ።

«ምን አልክ?» አለኝ ሁሴን፣ ድምፁ የመጣው ከፊት ለፊቴ ነው።

ቆምኩ፣ ኮቴውም ቆመ። ይህንን ጉም ድምፅ ያንጸባርቃል ብዬ ለራሴ አስረዳሁት፣ ማስረዳት ልማዴ ነው። ግን ጢጥ ጢጡ ላይ ሌላ ምት ገባ፣ ከእኔ ምት መሀል መሀል፣ ሁለት ሰዎች አንድ በር እንደሚያንኳኩ ዓይነት። ደነገጥኩ፣ ልቤ ልትሰንፍ ነው ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና አንገቴን በጣቴ ዳሰስኩ፣ የራሴ ምት ደህና ነው፣ የተስተካከለ ነው። ሁሴን ተመልሶ መጣና «አውልቀው፣ ላብ ገብቶበት ይሆናል» አለኝ። አወለቅሁት፣ ቀበቶውን መንገዱ ዳር ያለ ቋጥኝ ላይ አስቀመጥኩት፣ ማንም አልነካውም።

ሰዓቱ ግን አላቆመም።

ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። አሁን አንድ ምት ብቻ ነው፣ የእኔ ሳይሆን ያኛው። የሁለታችንንም አንገት ዳሰስን፣ የሁለታችንም አይደለም፣ ሁሴን «አዑዙ ቢላህ» ብሎ አንድ እርምጃ ሸሸ። ከዚያ ምቱ መፍጠን ጀመረ፣ ቁጥሩ ዓይናችን እያየ ወጣ፣ ለዋንጫ እንደሚሮጥ ሰው አይደለም፣ ነፍሱን ለማዳን እንደሚሮጥ ሰው ነው፣ ጉሙ ውስጥ ደግሞ፣ ቅርብ፣ በጣም ቅርብ፣ የሚያለከልክ ትንፋሽ ነበር። ሁሴን ግን ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ፣ ሰዓቱ ላይ አጎንብሶ፣ ሜዳ ላይ ልጆቹን እንደሚያበረታታው «ጀባዹ! በርታ! ጀባዹ!» እያለ ይጮህ ጀመር፣ እንባው ይወርዳል፣ የሚያውቀው አይመስለኝም። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፣ ምቱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ፣ ትንፋሹም ራቀ፣ በመጨረሻ የተኛ ሰው ምት ያህል ዝግ ብሎ ቀጠለ። ሁሴን ቀበቶውንና ሰዓቱን በመጣበት ፎጣ ጠቅልሎ ያዘና ቁልቁል ወረድን።

ፀሐይ በሯ ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችን። ፊታችንን ስታይ ትገዙታላችሁ ወይ አላለችም።

«አወለቁት?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እየሮጠ ነበር ወይስ አርፎ?»

«ሮጠ» አልኳት። «ከዚያ አረፈ።»

በረጅሙ ተነፈሰችና የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። አንገቷን ሳታነሳ ነው የነገረችን፤ አማቷ ተዝካሩ ይውጣ፣ ልጄ ሞቷል፣ አንቺም ጥቁርሽን ልበሺና ዕድልሽን ፈልጊ ይሏታል፣ ሽማግሌ ልከዋል፣ የሷም ወገኖች እሺ በይ ብለዋታል። «እሺ እንዳልል» አለች፣ «ሌሊት ከአልጋው ሥር እሰማዋለሁ። እንዴት አድርጌ ልቡ ለሚመታ ሰው ተዝካር አወጣለሁ? ከቤት ይውጣልኝ ብዬ ነው ለሽያጭ ያልኩት።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፣ ያንን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ቲቸር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ዕቃ ነው፣ ተበላሽቷል በሉኝ። እርስዎ ካሉኝ አምናለሁ።»

አያችሁ፣ አንዲት ቃል ናት፣ ያን ሁሉ ዓመት በየስብሰባው ያልኳት ቃል። ዕቃ ነው ብላት በማግስቱ ጥቁሯን ትለብሳለች፣ ይህች ልጅ ከዚያ አልጋ ትላቀቃለች። ሰውየው አንድ ቦታ፣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ እየተነፈሰ ቢሆንስ?

«አላውቅም፣ እህቴ» አልኳት።

«አላውቅም» ብላ ደገመችው፣ እንደመቅመስ አድርጋ። ፎጣውን ከሁሴን እጅ ተቀበለችና አሁን ጫፍ ጫፉን ሳይሆን በሁለት እጇ፣ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አስጠግታ ገባች። ልግዛው ብዬ አልጠየቅሁም፣ እሷም አላነሳችም። ከዚያ በኋላ እንደ ድሮዬ አንገቴን በጣቴ እየዳሰስኩ ነው የሮጥኩት፣ ሁሴንም ዳግመኛ አልሳቀብኝም፣ ስለዚያ ቀን ባነሳሁበት ቁጥር ደግሞ ወሬ ይለውጣል።

ተዝካሩ ሳይወጣ ቀረ። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን የተበተነው ጦር በእግሩ፣ በጭነት መኪና፣ እየተቆራረጠ ወደየቤቱ ሲመለስ፣ ጎባም የገቡ ነበሩ፣ ከስተው፣ እናቶቻቸው እስኪጠራጠሯቸው ድረስ ጠቁረው። ፀሐይ ዕለት ዕለት መንገድ ዳር ትቆማለች ሲሉ ሰማሁ። ተፈራ መጣ ሲሉ ግን አልሰማሁም።

በዚያው ሰሞን ሮቤ ገበያ ላይ አገኘኋት፣ ነጭ ለብሳለች፣ ከስታለች፣ ግን ፊቷ ላይ የማላውቀው እርጋታ አለ። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ መጠየቅ ፈራሁ፣ አለመጠየቅም ነውር መሰለኝ፣ ሰው መሀል ስለሆንን «እንዴት ነው … ቤቱስ?» ብቻ አልኳት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች፣ ስለታመመ ዘመድ እንደሚነገር ቀስ ብላ፣

«ዛሬስ አርፏል» አለችኝ።

የትኛውን ማረፍ ማለቷ እንደሆነ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ ዘንቢሏን አንስታ የገብስ ነጋዴዎቹ መሀል ገብታ ነበር።