ሁለት መልስ ያለው ሱዶኩ

ይህን የምጽፍላችሁ እኔ ጽናት ነኝ።

መታወቂያዬን ብታዩ ሌላ ስም ነው ያለው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ብትጠይቁም በሌላ ስም ነው የሚያውቁኝ። ግን ጽናት ነኝ። የሒሳብ መምህርት ነኝ። የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ስቄ የማልፍ ሰው ነበርኩ። ይሄ ግን በራሴ ላይ ደርሷል፤ ማመን አለማመን የናንተ ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ ባለፈው መጋቢት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው ሞላሌ፣ የእናቴ ቤት።

ጨለማ የለም። ጉም ብቻ ነበር... የጎረቤትን አጥር የሚሰውር የበልግ ጉም።

መጀመሪያ ስለ እስከዳር ልንገራችሁ።

ከኮሌጅ ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። ሆዴን የሰጠኋት ሰው። አንድ አልጋ ላይ ተጣበን ያደርንባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ሱዶኩ ያስተማረችኝም እሷ ናት።

ለማታውቁት፦ ዘጠኝ ረድፍ፣ ዘጠኝ ዓምድ፣ ዘጠኝ ሳጥን ነው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት ቁጥሮች በየረድፉ፣ በየዓምዱና በየሳጥኑ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይገባሉ። ቀላሉን ማንም ይሠራዋል። እኛ የምንሠራው ግን ሰው ተናዶ ወረቀቱን የሚቀድበትን ነበር።

"ግምት ነውር ነው" ትለኝ ነበር። "ሊገቡ የሚችሉትን ቁጥሮች በእርሳስ በትንሹ ጻፊያቸው። በእስክሪብቶ የምትጽፊው እርግጠኛ ስትሆኚ ብቻ ነው።"

ጥንድ መፈለግ አሳየችኝ። በአንድ ረድፍ ሁለት ቦታዎች ሦስትና ስምንትን ብቻ የሚቀበሉ ከሆነ፣ ሦስትና ስምንት የእነሱ ናቸው። ከሌላው ቦታ ይሰረዛሉ።

ከሁሉም የምወደው ግን "ተቀያያሪ" ብለን የሰየምነውን ነው። በሁለት ረድፍ፣ በሁለት ዓምድና በሁለት ሳጥን ውስጥ አራት ማዕዘን የሠሩ አራት ቦታዎች ታገኛላችሁ። ሦስቱ ሁለትና ስድስትን ብቻ ይቀበላሉ። አራተኛው ሁለትን፣ ስድስትንና ዘጠኝን። እዚያ የሚገባው ዘጠኝ ነው።

ለምን? ዘጠኝ ካልገባ፣ ሁለቱንና ስድስቱን ብታቀያይሯቸው ረድፉም ዓምዱም ሳጥኑም አያውቅም። ሁለት መልስ ይኖራል ማለት ነው። እውነተኛ ሱዶኩ ደግሞ መልሱ አንድ ብቻ ነው።

"ያወጣው ሰው ካልከዳሽ በቀር" አለችኝ አንድ ቀን፣ እየሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ስንመረቅ እኔ ሞላሌ ተመደብኩ። ለሷ ግሼ፣ ከራቤል ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ የትውልድ መንደሯ ደረሳት። በቤተሰቦቿ ቤት ለብቻዋ ትኖር ነበር።

አምና "እንቀያየር" አለችኝ። መምህራን ታውቁታላችሁ፣ የእርስ በርስ ዝውውር የሚባል ነገር አለ። ሁለታችን ተስማምተን ከፈረምን እሷ በኔ ቦታ፣ እኔ በሷ ቦታ።

"አልችልም እስኩ" አልኳት።

እናቴ ጥሩሸዋ ስኳር አለባት። ጣቷን ወግቼ የምለካት፣ ጠዋትና ማታ መርፌዋን የምሰጣት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዲነካት አትፈቅድም። ከኔ በቀርም ልጅ የላትም። እሷን ትቼ የትም አልሄድም።

"ያን ቤት አልቻልኩትም ጽናት" አለች።

ለምን ብላት አልነገረችኝም።

ከዚያ ነገሩን ተወችው። ተወችው ብዬ አመንኩ። ሙነወር የሚባል ሹፌር ቅዳሜ ቅዳሜ ከራቤል ገበያተኛ ጭኖ ሞላሌ ይመጣል። በሱ እጅ፣ ራሷ ያወጣችውን ሱዶኩ ትልክልኝ ጀመር። ቂም አልያዘችም ብዬ ደስ አለኝ።

ሞኝ ነበርኩ!

የዚያን ቀንም ሙነወር ወረቀቱን ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ግን ፊቴን ትኩር ብሎ አየ።

"አንቺ ደግሞ... አሁን ከኔ መኪና አልወረድሽም እንዴ?"

"እኔ? ከቤት መምጣቴ ነው።"

ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ደክሞታል ብዬ ተውኩት።

እናቴ ጓዳ ተኝታለች። እኔ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ ጀመርኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ታገልኩ። ጥንዱን አገኘሁ፣ ሰረዝኩ፣ ሌላ ጥንድ አገኘሁ። ከሰማንያ አንዱ ቦታ ሰባ ሰባቱ ሞላ።

አራት ቀረ።

አራት ማዕዘን የሠሩ አራት ቦታዎች። አራተኛው ላይ ሌላ ቁጥር ፈለግኩ... የለም። ከሁለትና ከስድስት በቀር ምንም የለም።

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ከመጀመሪያው ቆጠርኩ። አልተሳሳትኩም።

ደወልኩላት። ገና ሳይጠራ አነሳችው።

"እስኩ፣ ይሄ ሁለት መልስ አለው እኮ።"

"አውቃለሁ" አለች። በሹክሹክታ።

"ምን ሆነሽ ነው ድምፅሽን የምትቀንሺው?"

"እናቴ እንዳትነቃ።"

ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ ቁጥሩን አየሁ። የሷ ነው።

የእስከዳርን እናት ከሁለት ዓመት በፊት ቀብረናቸዋል። እኔም ግሼ ድረስ ሄጄ፣ እሷን ደግፌ፣ መቃብሩ አፈር ሲለብስ አይቻለሁ።

ሐዘኑ አእምሮዋን ነካት አልኩ። ያንን ቅያሬ እምቢ ማለቴ ትዝ አለኝ።

"እስኩዬ..."

"ሙዪው" አለች።

"በግምት?"

"አንዴ ብቻ። ለኔ ስትዪ። በእስክሪብቶ።"

ለሷ ስል ሞላሁት። ሁለት፣ ስድስት። ከሥሩ ስድስት፣ ሁለት። ረድፉ ልክ ነው። ዓምዱም ልክ ነው።

ያኔ በስልኩ ውስጥ ሳል ሰማሁ። የእናቴ ሳል ነው። ከጓዳም ሰማሁት።

አንድ ሳል... ከሁለት ቦታ።

ስልኩ ተዘጋ።

ወደ ጓዳ ሮጥኩ። እናቴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላለች።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ እማዬ።"

"አ... እስከዳር! መቼ መጣሽ እቴ? በዚህ ጉም?"

"አትቀልጂ በናትሽ። ጣትሽን አምጪ ልለካሽ።"

ፊቷ ተኮሳተረ። እስከዳር እናቴን "እማማ ጥሩሸዋ፣ እርስዎ" ብላ ነው የምትጠራት።

"ዛሬ ደግሞ አንቺ ሆንኩ?" አለችኝ። "ተይው። ጽናት ትለካኛለች።"

"ጽናት እኔ ነኝ!"

እጇን ያዝኩ። እሷ ግን ቀስ ብላ ነጠቀችኝ። ባዳ ሲነካችሁ እንደምትነጥቁት። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። የወለደችኝ እናቴ እኮ ናት...

"ጽናትዬ!" ብላ ጮክ ብላ ተጣራች።

"አቤት እማዬ" አለ ከጓዳው ጥግ አንድ ድምፅ።

እስከዳር ነበረች።

የኔን ሹራብ ለብሳለች። የእናቴን የስኳር መለኪያ በእጇ ይዛለች። በአጠገቤ አለፈች፣ አላየችኝም።

"ጣትሽን ስጪኝ እማዬ።"

እናቴ ሰጠቻት። ሳታንገራግር።

ለክታ ስትጨርስ ክንዴን ይዛ ወደ በሩ ወሰደችኝ። ጆሮዬ ሥር ነው የምታወራው።

"አትጩሂ። ትደነግጣለች።"

"ምን አደረግሽኝ?"

"የሞላሽው አንቺ ነሽ። በእስክሪብቶ።"

"ከዳሽኝ እስከዳር። ከዳሽኝ!"

"ሁለት ቤት ነው ጽናት። በየቤቱ አንዲት እናት፣ አንዲት ልጅ። ብንቀያየር የትኛው ቤት ምን ጎደለው?"

"እናትሽን እኮ ቀብረናል!"

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሰበረች።

"እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው" አለች።

በሩን ዘጋችብኝ። የገዛ በሬን።

ጎረቤታችንን አመተሥላሴን ለመንኳት። ልጇን ፊደል ያስቆጠርኩላት ሴት ናት። "እስከዳር፣ ምን ነካሽ?" አለችኝ። መታወቂያዬን አወጣሁ... ፎቶው የኔ ነው፣ ስሙ የሷ። ሰኞ ትምህርት ቤት ሄድኩ። በክፍሌ መስኮት አየኋት። የኔን ተማሪዎች በየስማቸው ትጠራለች።

ሦስት ቀን ሞላሌን ዞርኩ። ማደሪያ የሰጡኝ ሰዎች ሁሉ "የጽናት ጓደኛ" ብለው ነው የሰጡኝ። በአራተኛው ቀን ቦርሳዬ ውስጥ የማላውቀው ቁልፍ አገኘሁ።

የት ልሂድ? ግሼ ሄድኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ደረስኩ። የድንጋይ ቤት ነው፣ በጉም ተውጦ። ቁልፉን ከተትኩ። በሩ ግን አልተቆለፈም ነበር።

መደቡ ላይ አንዲት አሮጊት የበግ ፀጉር ይፈትላሉ።

አወቅኋቸው። ኮሌጅ ሳለን ለሁለታችን ቆሎ ቋጥረው ይመጡ ነበር። እማማ ወሰንየለሽ... የእስከዳር እናት። እግራቸው ላይ እርጥብ አፈር አለ።

መሮጥ ነበረብኝ። ደፉ ላይ ቆምኩ።

"ጽናት" አሉኝ። "መጣሽ?"

ከሞላሌ እስከ ግሼ አንድ ሰው እንኳ በስሜ አልጠራኝም ነበር። እናቴ እንኳ። ማፈሬ አልቀረም፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ... ደስ አለኝ። እዚያው ደፉ ላይ ተቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

"የላከችሽ ልጄ ናት" አሉ። "የከዳችው አንቺን ብቻ አይደለም።"

ትንሽ ፈቀቅ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

ይኸው ሦስተኛ ወር ይዣለሁ። ቀን በእስከዳር ቦታ አስተምራለሁ። ስመለስ መደቡ ላይ አገኛቸዋለሁ። አይበሉም፣ አይጠጡም፣ ይፈትላሉ። ክፉ አላደረጉብኝም። መልመድ ይሉት ነገር ክፉ ነው፣ አሁን ሰላምታ እንለዋወጣለን።

በየቀኑ ሞላሌ እደውል ነበር። እናቴ ታነሳለች። "ደህና ነን እስከዳር፣ ጽናትም ደህና ናት" ትለኛለች። ድምፅዋን ለመስማት ስል እሺ እላለሁ። "ስኳርዎ እንዴት ነው እማማ ጥሩሸዋ?" እላታለሁ። የገዛ እናቴን፣ እርስዎ ብዬ።

ግንቦት ሲያልቅ ድምፅዋ እየደከመ መጣ። አንድ ቀን ቀስ ብላ "ጽናት ሰሞኑን መርፌዬን ትረሳለች" አለችኝ። ጮህኩ። ለመንኩ። ስልኩን አንድ ሰው ከእጇ ወሰደው።

ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ አይነሳም።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰዓቱ ዘጠኝ ነበር። ከውጭ የሁለት ሴቶች ወሬ ሰማሁ። በሩን ስከፍተው ጸጥ አሉ።

እማማ ወሰንየለሽ እንደወትሯቸው ይፈትላሉ። እኔ በምቀመጥበት ቦታ ላይ ሌላ ሴት አለች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

"ማነው?" አልኩ።

አልዞረችም...

እጇን ብቻ ከነጠላው ውስጥ አወጣች። ወደኋላ፣ ወደኔ፣ ጣቷን ዘረጋችልኝ።