ከሻቶው የጠፋችው ሴትዮ

ሴትዮዋ የለችም።

ትናንት አዳራሹ መሃል ቁጭ ብላ ነበር፤ እርቃኗን፣ ጸጉሯን እየታጠበች። ዛሬ ጠዋት ቦታዋ ባዶ ነው።

"ንግሥት! ተሰረቅን!" ብሎ አሥራት ሲጮህ ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች፤ "ውይ!" ብላ ተመለሰች።

ክፉ እንዳታስቡ፤ የማወራችሁ ስለ እብነ በረድ ሴት ነው። ቤቱ የፈረንሳይ ሻቶ፣ የድሮ መኳንንት ግንብ ነው። የምሬን ነው! ድሮ አንድ የኦሃዮዋ የኮሎምበስ ከተማ የጫማ ፋብሪካ ጌታ ፈረንሳይ ሄዶ ሊፈርስ የተቃረበ ግንብ ገዛ። ድንጋይ በድንጋይ አስፈትቶ፣ በመርከብ አምጥቶ፣ ቤክስሊ የሚባለው ሰፈር ጫፍ ላይ መልሶ አቆመው። ሴትዮዋም ከግቢው ፏፏቴ ተነቅላ አብራ መጣች። ጌታው ሞተ፣ ወራሾቹ ተጣሉ፣ ቤቱን ርግብ ወረሰው። በኋላ አሥራት ያለችውን ቤት ሸጦ ገዛውና ይኸው ዓመታት ሲጠግነው ኖረ።

ዛሬ ከሰዓት የከተማው የቅርስ ተቆጣጣሪ ትመጣለች። ሴትዮዋ ከሌለች ሻቶውን ለጎብኚ የመክፈቻ ፈቃድ የለም፤ የአሥራትን ልፋት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ቀሲስ አንድርያስ ቤቱን ጠበል ሊረጩ ነው፤ እንግዶችም መግባት ጀምረዋል።

አሥራት ጋሼ ፍቅረማርያምን ኮል አደረጋቸው። ጋሼ አዲስ አበባ ሳሉ የወንጀል መርማሪ ነበሩ፤ አሁን ኢስተን የገበያ ማዕከል አንድ ሱቅ በር ላይ ሴኩሪቲ ናቸው። ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ከች አሉ።

"ማንም ከግቢ እንዳይወጣ!"

ማንም ሊወጣ አላሰበም። ምግቡ ገና አልቀረበም።

አቧራው ላይ የጎማ ዱካ አለ። ከዚያ ወዲያ ወለሉ ተወልውሏል። ዱካው ድንጋይ ጠጋኙ ሚልኪ ከባድ ድንጋይ የሚያነሳበት ጋሪ ዱካ ነው።

"ሚልኪ፣ ጋሪህ የት አደረ?"

"ቦታው ላይ ነዋ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ምን ያልብሃል?"

"ሞቆኝ ነው።"

"በታኅሣሥ? ኦሃዮ ውስጥ? ቫንህን ክፈት!"

ሚልኪ ከፈተ። ሸራው ስር የተሸጎጠ ነገር አለ። ጋሼ ገለጡት።

ቺዝበርገር። ግማሹ ተበልቷል።

"ጾም ነው እኮ አንተ!"

"በሞቴ ጋሼ፣ ለቀሲስ እንዳይነግሩብኝ!"

ሚልኪ ከተጠርጣሪነት ወጣ። ከኃጢአቱ ግን ጋሼም ሊያወጡት አልቻሉም።

አዳራሽ ሲመለሱ ቀሲስ ጸሎቱን ጨርሰው መስቀል እያሳለሙ ነው። ሰው ሁሉ እየተነሳ ጎንበስ ይላል። ጥግ ላይ ግን ነጠላ እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች ሴት ንቅንቅ አላለችም። ቀሲስ መስቀሉን ዘረጉላት። ዝም። አስጠጉላት። ዝም።

"ሐዘን ላይ ነሽ መሰለኝ። እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ" ብለው አለፏት።

ጋሼ ደርቀው ቀሩ። በዘመናቸው ስንት ውሸታም፣ ስንት አልቃሽ አይተዋል፤ ለመስቀል የማትነሳ የሐበሻ እናት ግን አይተው አያውቁም። ሄደው ነጠላውን ገለጡ።

አዳራሹ በአንድ አፍ "በስመ አብ!" አለ። ቀሲስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ነጠላው የማን ነው?"

"የኔ" አለች ንግሥት። "በሚልኪ ጋሪ ገፍቼ ጥግ ያስቀመጥኳትም እኔ ነኝ። ቀሲስ እርቃኗን እንዳያዩ ብዬ ነው።"

እንግዳው ሁሉ "እውነቷን ነው" አለ። ጋሼ ግን አልለቀቋትም።

"ባልሽ እንደዚያ ሲጮህስ? ሸፍኛት ነው አትይውም ነበር?"

ንግሥት ጣቷን ወደ አሥራት ቀሰረች።

"በጥርስ ብሩሽ ነው የሚያጥባት፣ ጋሼ! ማታ ማታ 'ደህና እደሪ' ይላታል! እኔ የመኝታ ቤቱ መስኮት ብርድ ያስገባል ብዬ ስለምነው 'ቆይ፣ መጀመሪያ እሷ' ይለኛል። ስትጠፋበት ምን እንደሚሆን ማየት ፈለግኩ። አየሁት፤ አለቀሰ። እኔ ኦፕሬሽን ሳደርግ አላለቀሰም!"

በዚህ መሃል ደወሉ ጮኸ። ተቆጣጣሪዋ ናት።

አሥራት ወደ በሩ ተራመደ፤ ቆመ። "ሚልኪ፣ እንግዳዋን አንተ አዟዙረህ አሳያት" አለና መዶሻውን ይዞ ደረጃውን ሽቅብ ሮጠ።

ተቆጣጣሪዋ ማማዎቹን አየች፤ ወደደች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገችውን ሴትዮ አየች፤ በጣም ወደደች። መጨረሻ ላይ መኝታ ቤት ገባች። አሥራት የበሰበሰውን መስኮት ከነፍሬሙ ነቅሎ፣ ንግሥት ገዝታ ያስቀመጠችውን የፕላስቲክ መስኮት ገጥሞ፣ የመጨረሻውን ምስማር እየመታ ነበር።

"ምን አደረግክ!" ብላ ራሷን ያዘች። "የነቀልከው እኮ ከፈረንሳይ የመጣው ቅርስ ነው! ይህ ፕላስቲክ እያለ ፈቃድ አልሰጥም!"

ሰው ሁሉ አሥራትን አየ። አሥራት ንግሥትን አየ።

"ይቅር" አለ። "ሚስቴን ሲበርዳት ኖሯል።"

ንግሥት አለቀሰች። ሻቶው በዚያ ዓመት አልተከፈተም።