ክዳን የሌለው ሌንስ

ግንቦት አሥራ አራት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በገሳይ ፖሊስ ጣቢያ አምስት ሰዎች ነበሩ፦ ኢንስፔክተር ፈንታነሽ፣ የደን ጠባቂው ሽማግሌ አለሙ፣ የሟቹ ሚስት ጥሩወርቅ፣ በደብረ ታቦር ፎቶ ቤት ያለው መልካሙ፣ እጁ በካቴና የታሰረው የካሜራ ዕቃ ነጋዴ ኸድር። ሟቹ ታምራት የመልካሙ ፎቶ አንሺ ነበር። ኸድር ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው። ከጉና የወረደው ጉም መስኮቱን ሸፍኖታል።

«አባባ አለሙ፣ ያገኙት እርስዎ ነዎት» አለች ፈንታነሽ።

«ትናንት ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ከገደሉ ሥር ነው ልጄ። ዓይኑ እንደተከፈተ ነበር። በስመ አብ ብዬ ከደንሁለት። ካሜራው ግን አፋፉ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።»

«ዝናብ ነበር?»

«ካፊያ። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ አላባራም።»

ካሜራው ጠረጴዛዋ ላይ ነው። ረጅም ዙም ሌንስ ተገጥሞለታል፤ አፉ በጥቁር ክዳን ግጥም ብሏል። ፈንታነሽ ክዳኑን ትክ ብላ አየችውና ወደ ኸድር ዞረች።

«ባጃጅ መቆሚያው ላይ ከታምራት ጋር ስትጯጯሁ ሰው ሰምቷል። ወደ ገደሉም አብራችሁ ወጥታችኋል።»

«ዋጋ ሲነጋገር የማይጮህ ማን አለ? ሦስት ሌንስ አሳየሁት። አዲሱን አቅሙ አልቻለም። ርካሹ ሞተር የለውም፤ በእጅ እያሽከረከሩ ነው ምስሉን የሚያጠሩት። ‹ሙሽራ ቆማ አትጠብቀኝም› ብሎ ተወው። ያገለገለውን መረጠ፤ ሳልሞክር ግን አልወስድም አለ። ወጣንና ከማዶ ያሉትን ጭላዳዎች አነሣ። ‹ጢማቸውን ቆጠርሁት!› እያለ ሳቀ። ተጨባብጠን አራት ሰዓት ላይ ተለየሁት። ወላሂ፣ ደኅና ነበር!»

«ያገለገለውስ ለምን ረከሰ?»

«ክዳን የለውም። እኔ ዘንድም የመጣው እንዲሁ ባዶውን ነው። ‹ክዳኑን ራስህ ፈልግ› ብዬ ቀነስሁለት።»

ፈንታነሽ ወደ መልካሙ ዞረች።

«እርስዎስ ትናንት የት ዋሉ?»

«ፎቶ ቤቴ። ብቻዬን። ሌንስ መግዛቱንም የሰማሁት ከእናንተ ነው።»

ጥሩወርቅ ከነጠላዋ ውስጥ ቀና አለች።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ነግሬዎት የለ? ትናንት ሦስት ሰዓት ላይ ፎቶ ቤት መጥቼ ‹ታምራት የት ሄደ?› ሲሉኝ፣ ‹ከኸድር ጋር ገሳይ፣ ሌንስ ሊሞክር› አልሁዎት። የራስዎን ሌንስ እየወለወሉ ነበር። ክዳኑን ኪስዎ ከትተው ብድግ አሉ።»

ፈንታነሽ መሳቢያዋን ሳበችና የሟቹን የሥራ ዕቃ ለማየት ትናንት ማታ ከፎቶ ቤቱ ያስመጣችውን የመልካሙን ሌንስ አውጥታ ከካሜራው አጠገብ አቆመችው። አፉ ክፍት ነው፤ መስተዋቱ ላይ ስስ አቧራ ተኝቷል።

«ስሙኝ» አለች። «ታምራት ፎቶ ሲያነሣ ወድቆ ቢሆን ካሜራው አብሮት በወደቀ። አልወደቀም። አስቀምጦ ከሰው ጋር ያወራ ነበር። ያ ሰው ኸድር ነው እንዳንል፣ ኸድር ክዳን አልነበረውም፤ ቢኖረውማ ከሌንሱ ጋር ሸጦ ዋጋ ይጨምርበት ነበር። ካፊያው የጀመረው አምስት ሰዓት ላይ ነው። ገዳዩ መሸሽ ሲገባው ዝናብ የሚመታውን ሌንስ አይቶ አላስችል አለው፤ ከኪሱ ክዳን አውጥቶ ገጠመለት። እንዲህ የሚያደርግ ነጋዴ አይደለም። ሌባም አይደለም፤ ሌባ ይዞት ይሄዳል። እጁ ለሌንስ የሚሳሳ ባለሙያ ነው።»

ክዳኑን ከካሜራው ነቅላ በመልካሙ ሌንስ አፍ ላይ ጫነችው። ቀጭ አለ።

«የእርስዎስ ክዳን የት ነው፣ ጋሽ መልካሙ?»

መልካሙ እጆቹን አየ።

«ስምንት ዓመት በእኔ ሌንስ ነው የሠራ» አለ። «ሲፈልግ ይለምነኛል፤ ሲጨርስ ይመልሳል። ትናንት ግን ‹ከእንግዲህ የራሴ አለኝ፤ እዚሁ ገሳይ ፎቶ ቤት እከፍታለሁ› አለኝ። እየሳቀ። ገፋሁት። ከዚያ ካፊያው መጣ። ሌንስ ዓይን ነው፤ ክፍቱን አይተውም... እጄ ነው ያደረገው።»

«ጋሼ» አለች ጥሩወርቅ፣ ድምፅዋ ሳይሰማ ሊቀር ምንም ያህል አልቀረውም፤ «የእሱስ ዓይን?»

አባባ አለሙ ፊታቸውን ወደ ጉሙ አዞሩ።

የኸድር ካቴና ተፈቶ በመልካሙ እጅ ገባ። በስምንት ሰዓት ፍርድ ቤት የቀረበው መልካሙ ነው። ታምራት በዘጠኝ ሰዓት ተቀበረ። ሌንሱና ክዳኑ በኤግዚቢትነት ለየብቻ ተመዘገቡ።