የመኪናው የቀኝ በር

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ይማም መኪናውን ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ የተሳፋሪውን በር ከፈተ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ስንት ዘመን ሲሠራ የማሽኑ ጩኸት ጆሮውን አደንዝዞታል፤ ሰው ሲያወራው የከንፈሩን እንቅስቃሴ ማየት ልማድ ሆኖበታል። ከመኪናው ጋር የመጡት የበር ስፒከሮች ደግሞ ወረቀታቸው ደርቆ ስለተሰነጠቀ፣ ሬዲዮው ሲከፈት ብርድ ልብስ ውስጥ ተጀቡኖ የሚናገር ሰው ይመስል ነበር። ሻል ያሉ ስፒከሮች ገዛና በገዛ እጁ ሊገጥማቸው ወሰነ።

ሚስቱ ሉባባ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገባችው ልጃቸው ሂክማ የስፒከሩን ካርቶን ቤት አድርጋ፣ ከዶሮዎቹ ጋር እያወራች ትጫወታለች። ሂክማ ዝም ማለት የማታውቅ ልጅ ናት፤ ስትበላ ታወራለች፣ ስትታጠብ ትዘፍናለች፣ እንቅልፍ ይዟት ሲሄድ እንኳን የጀመረችውን ወሬ ግማሹን ይዛ ነው የምትሄደው።

ይማም ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈታ፤ የበሩን ሽፋን ከሥሩ ይዞ ሲስበውም ማያያዣዎቹ ተራ በተራ ጣ ጣ እያሉ ለቀቁ። ከላሜራው ጀርባ ካለው ክፍተት ቀዝቃዛ አየር ወጥቶ ፊቱን ዳሰሰው። ረፋዱን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የቆየ ብረት ውስጥ እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ መኖሩ ገረመው፤ ሽታውም የአቧራና የግራሶ ሽታ ሳይሆን ለብዙ ዘመን ተከድኖ የኖረ የጉድጓድ ውሃ ሽታ ነበር። ዝናብ ገብቶበት ይሆናል ብሎ ጨርቅ አስገብቶ አበሰው። ጨርቁ ደረቅ ሆኖ ወጣ።

አዲሱን ስፒከር ገጠመ፣ ገመዱን አያይዞ በናስትሮ ጠቀለለ፣ የግራውንም እንዲሁ አድርጎ ሬዲዮውን ሲከፍት የጋዜጠኛው ትንፋሽ ሳይቀር ተሰማው። ሉባባ ከበረንዳው ሆና፣ እንግዲያው ከእንግዲህ እኛ ላይ መጮህህን ትተዋለህ አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሬዲዮውን አጥፍቶ መሣሪያዎቹን ሲሰበስብ በቀኙ በር ውስጥ ዶሮ ስታስካካ ሰማ። በደንብ ያልጠፋ መስሎት ቁልፉን ነቀለ። ማስካካቱ ቀጠለ። ቀና ሲል ቀይዋ ዶሮ በሩ ፊት ለፊት ቆማ፣ አንገቷን አስግጋ፣ መንቆሯን ትከፍታለች ትዘጋለች፤ ከእሷ ዘንድ ግን አንዳች ድምፅ አይመጣም።

ጆሮዬ ነው አለ ለራሱ። በማግስቱ የግቢው ቧንቧ ጀሪካን ሲሞላ ድምፅ አጣበት፤ መኪናው ውስጥ ሲገባ ግን ውሃው በበሩ ውስጥ ሲንዶለዶል ሰማው። ቀጥሎ የቆርቆሮው አጥር በንፋስ መንኳኳቱን አቆመ፤ እሱንም እዚያው በር ውስጥ አገኘው። ለማንም ሳይናገር ክሊኒክ ሄዶ ተመረመረ፤ ሐኪሙም ጆሮው ድሮ ከነበረበት የባሰ ነገር እንደሌለው ነገረው። ይማም ግን ሐኪሙን ከማመን ጆሮውን መጠራጠር ስለቀለለው ዝም ብሎ ሰነበተ፤ ሉባባ አንድ ቀን ጥሬ ስትበትን ቆም ብላ ቀይዋ ዶሮ ምን ሆና ነው ድምፅ የሌላት ብላ እስክትጠይቀው ድረስ።

ዶሮዋ መብላትም ትታ ነበር። ሌሎቹ ዶሮዎች ሸሽተዋት በግቢው ሌላ ጥግ ይጠጋጋሉ፤ እሷ ቀኑን ሙሉ ከመኪናው ሳትርቅ፣ ጥሬ ቢበተንላት ሳትጎነበስ፣ ዶሮ እንደማይቆም አድርጋ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ይማም አንድ ጊዜ ሊያባርራት ቀረብ ሲል አልሸሸችም። ዞራ በሁለቱም ዓይኖቿ አየችው። የዚያኑ ዕለት፣ በመጪው ዓርብ ከጁምዓ መልስ ስፒከሮቹን ሊነቅላቸው ወሰነ።

ዓርብ ጠዋት ሂክማ በወሬዋ አልቀሰቀሰቻቸውም። ሉባባ ልታያት ስትገባ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አፏን ትከፍታለች ትዘጋለች። አገጯን ይዛ ጉሮሮዋን አየች፤ ማር በሞቀ ውሃ በጥብጣ አጠጣቻት። እናቲቱ እንባዋ ይወርዳል፤ ልጅቱ የእናቷን ፊት እንደ እንግዳ ቤት ግድግዳ ትመለከታለች። ይማም ክሊኒክ በእግር እንውሰዳት ለማለት አፉን ሲከፍት ሉባባ ልጇን ታቅፋ የተሳፋሪው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።

የቦርከና ድልድይ ላይ ሲደርሱ ከሉባባ ጉልበት አጠገብ፣ ከበሩ ውስጥ፣ ጥርት ያለ ድምፅ መጣ።

«አባዬ፣ እዚህ ይጨልማል።»

ይማም ፍሬን ያዘ። ሉባባ ጭን ላይ ያለችው ልጅ አፏ ተዘግቷል፤ በመስታወቱ ውሃውን ታያለች። ሉባባ መዳፏን በስፒከሩ ላይ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሹክሹክታ የልጇን ስም ጠራች።

«እማዬ፣ ክፈቺልኝ» አላት በሩ።

በሩን የሚፈታበት መሣሪያ ያለው ቤት ነው። ይማም መኪናውን አዙሮ እንዴት እንደነዳ አያውቅም፤ መንገዱን ሁሉ ያ ድምፅ አንዴ እሱን አንዴ እናቷን እየጠራ፣ እግሬን በረደኝ እያለ አብሯቸው ተጓዘ፤ ሉባባም መጣን ልጄ፣ መጣን እያለች ለበሩ ትመልሳለች። ግቢ እንደገቡ ሽፋኑን በእጁ ገንጥሎ ጣለው። ገመዱን በፒንሳ ቆረጠ። ስፒከሩን ነቀለው። ድምፁ አልቆመም፤ እንዲያውም ሽፋን እንደተነሳለት ሰው ድምፅ ይበልጥ ጠራ።

ቢስሚላህ ብሎ እጁን ቀዳዳው ውስጥ ሰደደ። በሩ ከስንዝር አይሰፋም። እጁ ግን እስከ ክርኑ ገባ፣ ከዚያ እስከ ትከሻው፤ ጉንጩ ላሜራው ላይ ተጣብቆ እንኳን ጣቶቹ ማዶ ያለውን ብረት አላገኙም። ቅዝቃዜው አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። በዚያ ጨለማ ወዲያና ወዲህ ሲዳብስ ትንንሽ ጣቶች መጥተው ሌባ ጣቱን ጥብቅ አድርገው ያዙት፤ መንገድ ሲያሻግራት የምትይዘው እንዲያ ነበር።

ጮኸ። ሉባባ ልጅቱን ማንጎው ሥር ካለው ወንበር ላይ አስቀምጣ ሮጠች፤ ወገቡን ይዛ ሳበች። የቀዳዳው ስፋት ከአንድ ትንሽ ሰሃን አይበልጥም፤ ሕፃን ጭንቅላት እንኳን እንደማያሳልፍ ሁለቱም ያዩታል፤ ግን ይስባሉ። ጣቶቹ በላብ ይንሸራተታሉ። እሱም አይዞሽ ይዤሻለሁ፣ አትልቀቂኝ ይላል፤ ክንዱ ግን እየዛለ፣ ትንሿ እጅም ጣት በጣት እየላላች ነው።

ከኋላቸው፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች፤ በረጋና በማያውቁት ድምፅ «ተዋት አባዬ» አለችው፣ «እኔ አለሁልህ።»