ነጩ ቁልፍ

ከሣጥኑ የወጣው ፊልም ሁሉ ጥቁር ሆነ። ማንም ገና ያልተነሣበት፣ ከጥር ጀምሮ ለመጠባበቂያ የተቀመጠ አንድ ሣጥን ሙሉ ፊልም!

«ብርሃን ላይ ከፍታዋለች» አለ ራጅ አንሺው ገብረአማኑኤል። «ፊልም ብርሃን ካየ አለቀለት። ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ!»

«እኔ አልከፈትኩም!» አለች አልታየች።

አልታየች የደብረ ብርሃኑ ክሊኒክ ካርድ ጸሐፊ ናት። ራጅ የሚነሣ ሁሉ መጀመሪያ እሷ ዘንድ ተመዝግቦ ነው ወደ ጎረቤቱ ክፍል የሚያልፈው። የፊልሙም ሣጥን ከወንበሯ አጠገብ፣ ሁለቱን ክፍሎች የሚለየውን የጣውላ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። ስምንት ዓመት መካን ስትባል ኖራ፣ በዚህ በሰኔ ፲፱፻፶፮ የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች። ኃላፊው ግን የመንግሥት ንብረት ባከነ ብሎ ፖሊስ አስጠርቷል። ያን ሆዷን ይዛ እስር ቤት ልትገባ ነው።

መቶ አለቃ ዘርአ ዳዊት ካፖርቱን ሳያወልቅ ገባ።

«ሣጥኑ በማን እጅ ነበር?»

«በኔ።»

«ሌላ የሚነካው አለ?»

«የለም፣ ጌታዬ።» እውነቱን መናገሯ ራሷን አስደነገጣት።

መቶ አለቃው ፊልሙን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ ገብረአማኑኤል ሸሸት አደረገው። ከእጁ የማይለየውን ጓንት እንዳደረገ ነው። «እኔ ልያዘው፤ እንዳይበላሽ።»

«ከዚህ ወዲያ ምን ይበላሻል?» ብሎ መቶ አለቃው ነጠቀውና ወደ መስኮቱ አነሣው።

በጥቁሩ መካከል አንድ ነጭ ነገር ነበር። ራሱ ቀለበት፣ ጫፉ ሁለት ጥርስ። ሁለተኛውን ፊልም አነሣ። እዚያም አለ። ሦስተኛውም ላይ።

አልታየች ቀና አለች። ከሣጥኑ በስተኋላ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር ተንጠልጥሎ የሚውለው የካርድ ቁም ሣጥኗ ቁልፍ ነው!

«ጌታዬ፣ ብርሃን ቁልፍ አይሥልም» አለች። «ብርሃን ቢገባበት ሁሉንም እኩል ያጠቁረው ነበር። ይህ የራጅ ሥራ ነው። ጨረሩ ሥጋውንም ጣውላውንም ያልፋል፤ ብረት ሲያገኝ ይቆማል፤ የቆመበት ቦታ ነጭ ይቀራል። ሳንቲም የዋጠ ልጅ ስንቱን አይቻለሁ!»

«ታዲያ ከወዴት መጣ?»

«በሽተኛው ደረቱን ለጥፎ የሚቆመው ከዚህ ግድግዳ ማዶ ነው። ግን ጨረሩ እንዳያልፍ ውስጡ የእርሳስ ቆርቆሮ አለ። ሲለብስ በዓይኔ አይቻለሁ።»

መቶ አለቃው ጎንበስ ብሎ ምስማሮቹን ዳበሰ። የሌላው ጣውላ ምስማር ዝጓል። የዚህኛው ያብለጨልጫል። ፈልቅቆ አየ። አቧራና የሸረሪት ድር ብቻ።

አልታየች ክው አለች። የበሩን ንፋስ ሸሽታ፣ ባናዋን ተከናንባ ቀኑን ሙሉ የምትደገፈው ይህንኑ ግድግዳ ነው።

ጥርጣሬው መጀመሪያ በዘበኛው በአባባ ወልደአረጋይ ላይ ወደቀ። የድሮ አዳኝ ናቸው፤ እርሳስ አቅልጠው ጥይታቸውን ራሳቸው ይሠራሉ።

«ያን ሁሉ እርሳስ ምን ላደርገው? የጣርማ በርን ተራራ ልመታበት?» አሉ ሽማግሌው ተቆጥተው። «ይልቅ ይህች ልጅ ለጥምቀት አንኮበር ስትሄድ፣ ግድግዳ እጠግናለሁ ብሎ በሩን ዘግቶ ሁለት ቀን ሲያንኳኳ የሰነበተውን ጠይቁ!»

ሁሉም ወደ ገብረአማኑኤል ዞሩ። ፊቱ አመድ መስሏል።

በራጁ ክፍል፣ ገብረአማኑኤል ሰው ሲያነሣ የሚከለልበት ባለ ጎማ መከለያ ቆሟል። መቶ አለቃው ገፋው። አልነቃነቅ አለ።

«ይህን እኮ አምና በአንድ እጄ ገፋ አድርጌ ነበር ሥሩን የምጠርገው» አለች አልታየች።

የኋላውን ጨርቅ ሲገልጡት፣ እርሳስ በእርሳስ ላይ ተደርቦ ተገኘ።

«ጓንትህን አውልቅ።»

አወለቀ። ጣቶቹ ተሰነጣጥቀዋል፤ ጥፍሮቹ ጠቁረዋል፤ አንዱ ጣቱ ቆስሎ መግል ይዟል።

«መከለያው ሳይመጣ በፊት ሕፃናቱን በእጄ ይዤ ነበር የማነሣው» አለ። «ቁስሉ አልድን ሲለኝ ፈራሁ። እርሳስ ጨምሩልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፤ የሚመልስልኝ ጠፋ። ያኔ ነው የግድግዳው ትዝ ያለኝ። ቁልፉን ፊልሙ ላይ ሳየው ደግሞ እንዳይታወቅብኝ በሷ አሳበብኩ።»

ከራስ በላይ ነፋስ ማለት ይኸው ነው። ጨረር ምን እንደሚያደርግ በዚያ ክሊኒክ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

«ወይዘሮ አልታየች፣ ነፃ ነሽ» አለ መቶ አለቃው።

አልሰማችውም። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ገብረአማኑኤልን ታየዋለች።

«ከጥምቀት ወዲህ ስንት ሰው አነሣህ?» ሰባት ዓመት አብረው ሲሠሩ አንተ ብላው አታውቅም ነበር።

«እንጃ፤ አላስታውስም።»

«እኔ አስታውሳለሁ» አለች። «ከጥምቀት መልስ አዲሱን የራጅ መዝገብ ቁጥር አንድ ብዬ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት አራት መቶ አሥራ ሁለት ደርሻለሁ።»